ትንሽ ልዩነት በብዙ ሕዝብ ሲባዛ፦ የምርጫ ዘመቻ በዲጂታል ቤተ ሙከራ

በ2007 ማብቂያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባራክ ኦባማ የፓርቲያቸውን የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ለማግኘት በሚወዳደሩበት ወቅት፣ የዘመቻቸውን ድረ ገጽ የከፈተ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የዕጩውን ምስል፣ የኢሜይል አድራሻ የሚጻፍበትን ክፍት ቦታና አንድ ቁልፍ ነበር። በቁልፉ ላይ «ተመዝገቡ» የሚል ቃል ሰፍሯል። አድራሻውን የሰጠ ሰው ነገ ገንዘብ ሊለግስ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ይህች ገጽ ለዘመቻው ዋና በር ነበረች። ታዲያ ከደጃፍ የሚመለሰውን ሰው ቁጥር ለመቀነስ ምን ይደረግ?

በቀድሞው ልማድ ቢሆን መልሱ የሚገኘው ከስብሰባ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ በመጨረሻም የአለቃው አስተያየት ይጸናል። ከጉግል ኩባንያ ወደ ዘመቻው የመጣው ዳን ሲሮከርና ባልደረቦቹ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ለቁልፉ አራት ጽሑፎችን አዘጋጁ፤ እነርሱም «ተመዝገቡ»፣ «አሁኑኑ ተመዝገቡ»፣ «አሁኑኑ ተቀላቀሉን» እና «ተጨማሪ ይወቁ» የሚሉ ነበሩ። ከላይ ለሚታየው ደግሞ ሦስት ፎቶግራፎችና ሦስት ቪዲዮዎች መረጡ። አራት በስድስት ሲባዛ 24 ዓይነት ገጽ ይሆናል። ከዚያም ድረ ገጹን የሚጎበኝ እያንዳንዱ ሰው ከ24ቱ አንዱ በዕጣ እንዲደርሰው አደረጉ። በሙከራው ውስጥ ያለፉት ጎብኚዎች 310,382 ነበሩ።

ከሙከራው በፊት የዘመቻው ሠራተኞች አብዝተው የወደዱት ከቪዲዮዎቹ አንዱን ነበር። ውጤቱ ሲታይ ግን ሦስቱም ቪዲዮዎች በሦስቱም ፎቶግራፎች ተበልጠው ተገኙ። ያሸነፈው ገጽ ኦባማን ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳየው ፎቶግራፍ «ተጨማሪ ይወቁ» ከሚለው ቁልፍ ጋር የተጣመረበት ነው። በነባሩ ገጽ ከመቶ ጎብኚ 8.26 ያህሉ ሲመዘገብ፣ በአሸናፊው 11.6 ያህሉ ተመዝግቧል።

የፖለቲካ ፓርቲዎች በዲጂታል ማርኬቲንግና በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚያካሂዱት ዘመቻ ሲነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መልእክቱ ነው፤ ማን ምን አለ፣ ስንት ሰው አየው፣ ማን ተሳደበ። መልእክትማ ከጥንትም ነበረ። ፖስተርም፣ ሬዲዮም፣ በመኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያም ያደርሱታል። ቀድሞ ያልነበረውን ነገር የምንፈልግ ከሆነ መመልከት ያለብን መለኪያውን ነው። ፖስተር የለጠፈ ፓርቲ ፖስተሩ ምን እንዳስገኘለት በቁጥር ሊያውቅ አይችልም። ድረ ገጽ የከፈተ ፓርቲ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊያውቅ ይችላል። ይህ ደግሞ በእኛ የትምህርት ክፍል ቤተ ሙከራ ውስጥ በየዕለቱ ከሚሠራው ሥራ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ፖለቲካ በሚመረምሩ ሰዎች ዓይን ሳይሆን ቆጠራ በሚያስተምሩ ሰዎች ዓይን ለማየት እንሞክራለን።

የቆጠራ ሕግ

የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ሁሉ የጋይገር ቆጣሪን ያውቃል። አንድን ጨረር አመንጪ ነገር ከቆጣሪው ፊት አስቀምጠን በአንድ ደቂቃ 100 ምት ብንቆጥር፣ በሚቀጥለው ደቂቃ ምንም ሳንነካ 92 ወይም 109 ልናገኝ እንችላለን። ተፈጥሮው ራሱ በአጋጣሚ ይዋዥቃል። የመዋዠቁ ልክ የቆጠራው ስኩዌር ሩት ነው። 100 ብንቆጥር መዋዠቁ 10 ያህል ማለትም 10 በመቶ ነው። 10,000 ብንቆጥር 100 ያህል ማለትም 1 በመቶ ይሆናል። ትክክለኛነትን አሥር እጥፍ ለማሳደግ መቶ እጥፍ መቁጠር የግድ ይላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው የቆጠሩ ተማሪዎቻችን የዚህን ሕግ መራራነት ሳያውቁት አይቀሩም።

«አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ላለው ነገር (ተመዘገበ ወይስ አልተመዘገበ?) ሕጉ ትንሽ ይሻሻላል። የተመዘገበውን ክፍልፋይ «መ»፣ የጎብኚዎቹን ብዛት «ቁ» ብንለው፣

መደበኛ ስሕተት = √(መ × (1 − መ) ÷ ቁ)

ይሆናል። አሁን ወደ ሲሮከር ሙከራ እንመለስ። 310,382 ለ24 ሲካፈል እያንዳንዱ ገጽ ወደ 13,000 ጎብኚ ደርሶታል። ለነባሩ ገጽ መደበኛ ስሕተቱ 0.24 በመቶ፣ ለአሸናፊው ደግሞ 0.28 በመቶ ገደማ ይመጣል። የሁለቱ ልዩነት ስሕተት የሚገኘው ሁለቱን ቁጥሮች በየራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት በመውሰድ ሲሆን፣ እርሱም 0.37 በመቶ ነው። የታየው ልዩነት 3.34 በመቶ ነው፤ ይህም የስሕተቱ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት በአጋጣሚ መጣ ለማለት የሚደፍር የለም።

ይህንኑ ሙከራ ለእያንዳንዱ ገጽ 100 ሰው ብቻ ይዘን ብንሠራው ኖሮስ? የልዩነቱ ስሕተት 4.2 በመቶ ይሆን ነበር። 3.34ቱ በመዋዠቁ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ሠራተኞቹም የወደዱትን ቪዲዮ ይዘው ይቀጥሉ ነበር። ሌላም ጣጣ አለ። 24 ነገሮችን በአንድ ጊዜ ስናወዳድር፣ ምንም ልዩነት በሌለበት እንኳ አንዱ በዕድል ብቻ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። 24 ሰዎች ሳንቲም ቢወረውሩ ከመካከላቸው አንዱ ዕድለኛ መስሎ መታየቱ አይቀርም። ከፍ ያለ ማስረጃ የሚጠየቀው ስለዚህ ነው፤ ዘጠኝ እጥፍ ግን ከበቂም በላይ ነው።

እዚህ ድረስ ሙከራው ነውር የለበትም። ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚያ በኋላ በተደረገው ስሌት ላይ ነው። ሲሮከር በኋላ እንደጻፈው፣ በዘመቻው ዘመን በዚያች ገጽ በኩል የተመዘገበው ሰው 10 ሚሊዮን ያህል ነበር። ነባሩ ገጽ ባይለወጥ ኖሮ 7.12 ሚሊዮን ብቻ ይሆን ነበርና ትርፉ 2.88 ሚሊዮን አድራሻ ነው። አንድ አድራሻ በአማካይ 21 ዶላር ስላስገኘ፣ ሙከራው 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል አምጥቷል ይላል። ማባዛቱ ልክ ነው። ነገር ግን ስሌቱ አንድ ነገር ሳይነግረን እንደ እውነት ይወስዳል። ይኸውም በሥዕልና በቁልፍ ለውጥ የተማረከው ሰው፣ ሥዕሉ ምንም ይሁን ምን ሊመዘገብ ቆርጦ ከመጣው ደጋፊ እኩል ይለግሳል የሚል ነው። እኛ ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። ከበሩ ላይ ሲያመነታ የቆየ ሰው ኪሱን ለመክፈትም ማመንታቱ አይቀርምና። ሲሮከር ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ሙከራ ለድርጅቶች የሚሸጥ ኦፕቲማይዝሊ የተባለ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ መሆኑንም አንባቢ ቢያስታውሰው አይጎዳም።

በ2012 የኦባማ ሁለተኛ ዘመቻ ይህ ልማድ የዕለት ሥራ ሆነ። ገንዘብ የሚጠይቅ ኢሜይል ለብዙ ሚሊዮን ሰው ከመላኩ በፊት በርካታ ዓይነት ርእሶች ተዘጋጅተው ለአነስተኛ ቡድኖች በዕጣ ይላኩ ነበር። «ተቃዋሚዬ ከእኔ የበለጠ ገንዘብ ሊያወጣ ነው» የሚል መንፈስ ያለው አንድ ርእስ አሸንፎ ለሁሉም ሲላክ ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በሙከራው መጨረሻ የወጣው ርእስ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ይገኝ የነበረው ወደ 400 ሺሕ ዶላር ብቻ እንደነበረ ተገምቷል። ቡድኑ የትኛው ኢሜይል እንደሚያሸንፍ እርስ በርስ ይወራረድ ነበር አሉ፤ በሙያቸው የተካኑት ሰዎችም ብዙውን ጊዜ ይሳሳቱ ነበር። ያጌጠው ንድፍ በተራው፣ አንዳንዴም በሚያስጠላው ይሸነፍ ነበር።

61 ሚሊዮን ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ

እስካሁን ያየነው ጎብኚውን በገዛ ገጹ ላይ የሚለካ ፓርቲን ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ሌላ ነገር ጨመረበት፤ እርሱም በሰዎች መካከል ያለው ትስስር ነው። የዚህን ኃይል ለመለካት የተደረገው ከሁሉ የላቀ ሙከራ ግን የፓርቲ ሥራ አልነበረም። በፌስቡክና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች የተካሄደ ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። በዚያ ዕለት ፌስቡክን የከፈቱ፣ ዕድሜያቸው 18 የሞላ አሜሪካውያን በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። 60 ሚሊዮን ለሚሆኑት «ዛሬ የምርጫ ቀን ነው» የሚል ማስታወቂያ፣ የምርጫ ጣቢያ መፈለጊያና «መርጫለሁ» የሚል ቁልፍ ታየ፤ ከሥሩም ቁልፉን የተጫኑ እስከ ስድስት የሚደርሱ ጓደኞቻቸው ፎቶግራፍ ነበረበት። 611 ሺሕ ለሚሆኑት ይኸው ማስታወቂያ ያለ ጓደኞች ፎቶግራፍ ታየ። 613 ሺሕ ያህሉ ምንም አልታያቸውም፤ እነዚህ ማነጻጸሪያ ቡድን ናቸው። ተመራማሪዎቹ በቁልፉ መጫን ብቻ አልረኩም። ሰው ሳይመርጥ «መርጫለሁ» ሊል ይችላልና፣ የ6.3 ሚሊዮን ሰዎችን ስም ከሕዝባዊው የመራጮች መዝገብ ጋር አመሳከሩ። ውጤቱ በ2012 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ።

የጓደኞቻቸውን ፎቶግራፍ ያዩት ሰዎች ምንም ካላዩት ይልቅ በ0.39 በመቶ በልጠው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደዋል። ማስታወቂያውን ያለ ፎቶግራፍ ያዩት ግን ምንም ካላዩት አልተለዩም። ይህ ብዙ የሚናገር ውጤት ነው፤ ማሳሰቢያው ሳይሆን የጓደኛ ፊት ነው ሰውን ያንቀሳቀሰው። ተመራማሪዎቹ በቀጥታ 60,000፣ በጓደኞች በኩል ደግሞ 280,000 ተጨማሪ ድምፅ እንደተገኘ ገምተዋል።

አንድ ተማሪ «60 ሚሊዮን ሰው ከተቆጠረ ስሕተቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም» ሊል ይችላል። ይህ ግን ስሕተት ነው፤ የምንለካው ልዩነትን ስለሆነ፣ ትክክለኛነቱን የሚወስነው ትንሹ ቡድን ነው። ከማነጻጸሪያው 613 ሺሕ ሰው ከመዝገቡ ጋር የተመሳከረው አንድ አሥረኛው ያህል፣ ማለትም ከ60 ሺሕ ጥቂት ከፍ የሚል ነው ብንል፣ ከላይ በሰጠነው ቀመር መደበኛ ስሕተቱ 0.2 በመቶ ገደማ ይሆናል። 0.39 የዚህ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት አዲስ ቅንጣት አገኘን ለማለት አምስት እጥፍ ይጠይቃሉ! ሙከራው በ2012 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደግሞ፣ በ2017 በታተመው ጥናት አሁንም ተሳትፎ የሚጨምር ውጤት በመገኘቱ ግን እምነታችን ከፍ ሊል ይገባዋል። መድገም ከአንድ ትልቅ ቁጥር ይልቅ ያሳምናል።

0.39 በመቶ ምን ያህል ነው? በአንድ መንደር ውስጥ ምንም ነው። ነገር ግን በ2000 የፍሎሪዳ ግዛት ውጤት የተወሰነው በ537 ድምፅ ነበር። በ2016 ደግሞ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬኒያ በሚባሉት ሦስት ግዛቶች ዶናልድ ትራምፕ ያሸነፉበት ልዩነት አንድ ላይ ቢደመር 78 ሺሕ አይሞላም። የ2010ሩ ማስታወቂያ ለሁሉም ወገን ያለ አድልዎ የታየ ነው። ያ ማስታወቂያ ለአንዱ ፓርቲ ደጋፊዎች ብቻ ቢታይ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ማስታወቂያውን ያየው ሰው ሌላው እንዳልታየው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያልታየው ሰው ደግሞ ይባስ።

ስለ ማን ምን ይታወቃል?

ለማን ምን እንደሚታይ ለመምረጥ ስለ ሰዎቹ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፓርቲዎች የመራጮችን መዝገብ (ማን በየትኛው ምርጫ ድምፅ እንደሰጠ እንጂ ለማን እንደሰጠ አይገልጽም) ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በ2012 የኦባማ ዘመቻ ይህን መዝገብ ከፌስቡክ ጋር አጣመረው። በፌስቡክ በኩል ወደ ዘመቻው የገባ ደጋፊ የጓደኞቹን ስም ዝርዝር ጭምር ይሰጥ ነበርና፣ ዘመቻው ከጓደኞቹ መካከል ወሳኝ በሆኑ ግዛቶች የሚኖሩትን ለይቶ «ለእነዚህ ላክላቸው» ይለዋል። ከ600 ሺሕ በላይ ደጋፊዎች ይህን እንዳደረጉ በጊዜው ተዘግቧል።

ያው በር ሌላም ሰው አስገባ። አንድ ተመራማሪ ባዘጋጀው የባሕርይ መጠይቅ ላይ የተሳተፉት 270 ሺሕ ያህል ሰዎች ሲሆኑ፣ ጓደኞቻቸው ሲቆጠሩ እስከ 87 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እንደደረሰ ፌስቡክ በ2018 አምኗል። ብናካፍለው አንድ ሰው ከ320 በላይ ሰዎችን አሳልፎ ሰጥቷል፤ ከእነርሱም የተጠየቀ አልነበረም። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ፌስቡክም በ2019 በአሜሪካ 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። የጓደኞችን መረጃ የሚያወጣው በር አስቀድሞ በ2015 ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ ድርጅት «የሰውን ልብ አንብቦ ምርጫ አስለወጠ» የሚል ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጉዳይ ልንጠነቀቅ ይገባል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከ58 ሺሕ በላይ ፈቃደኞችን ላይክ በመመርመር ዲሞክራቶችንና ሪፐብሊካኖችን በ85 በመቶ ትክክለኛነት መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። 85 በመቶ ማለት ግን ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው በዕጣ ወስደን ማን የትኛው ነው ብንል ከመቶው 85 ጊዜ እናገኛለን ማለት ነው። የማንን ወገን እንደሆነ ማወቅና ወገኑን ማስለወጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ ካላና ብሩክማን፣ በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ 49 የመስክ ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በአሜሪካ አጠቃላይ ምርጫዎች የዘመቻ ቅስቀሳና ማስታወቂያ ሰው የሚመርጠውን ዕጩ በማስለወጥ ረገድ ያለው ውጤት በአማካይ ዜሮ ነው የሚል ግምት ላይ ደርሰዋል። እንግዲህ ዲጂታል ዘመቻ የሚያሸንፈው የተቃዋሚን ደጋፊ በመማረክ ከመሆኑ ይልቅ፣ የራስን ደጋፊ በማግኘት፣ ገንዘቡን በመሰብሰብና ከቤቱ በማስወጣት መሆኑ የበለጠ የሚታመን ነው።

ታዲያ የሚያሳስበን ምኑ ነው? ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲቀርብ የሚጮኸውን ሁላችንም ሰምተናል። የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባል፣ ጎልቶ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። መለኪያውና መልእክቱ ሲገናኙም እንዲሁ ነው። የሚለካው የቁልፍ መጫንና የልገሳ ብዛት ከሆነ፣ በየቀኑ የሚመረጠው መልእክት ቁልፍ የሚያስጭነው ነው። በ2017 የታተመና 563,312 የትዊተር መልእክቶችን የመረመረ ጥናት፣ በአከራካሪ ፖለቲካዊ ጉዳዮች ላይ ስሜትንና ግብረ ገባዊ ፍርድን ያጣመረ አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር የመልእክቱ ስርጭት በ20 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አግኝቷል። እንዲህ ባለው መለኪያ የሚመራ ዘመቻ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ እንኳ፣ ቁጣን መፈለጉ አይቀርም። የመራጩን መረዳት የሚለካ ቁልፍ ግን እስካሁን የሠራ የለም።

የሙከራው ሰንጠረዥ ያለው ደግሞ በሞካሪው እጅ ብቻ ነው። ፌስቡክ ከ2018 ጀምሮ የፖለቲካ ማስታወቂያዎችን ሕዝብ በሚያየው መዝገብ ማኖር ጀምሯል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከዚህ አልፎ ማን እንደከፈለና ለማን እንደታለመ እንዲገለጽ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቶ ሕጉ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሙሉ ሲጸና፣ ሜታና ጉግል ደንቡን ከመፈጸም ይልቅ በኅብረቱ አገሮች የፖለቲካ ማስታወቂያ መሸጥን አቁመዋል። በኢሜይልና በግል መልእክት የሚላከውን ግን የትኛውም መዝገብ አይዘውም።

መልመጃ

የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ላይ የቆመ አንድ ዕጩ ሁለት ፖስተሮችን አዘጋጅቶ እያንዳንዳቸውን በዕጣ ለተመረጡ 200 ተማሪዎች አሳየ እንበል። በመጀመሪያው ፖስተር 30፣ በሁለተኛው 38 ተማሪዎች ለድጋፍ ፈረሙ። ዕጩው «ሁለተኛው ፖስተር ከሩብ በላይ ይበልጣል» ብሎ አወጀ። በምጥጥን 38 ለ30 በእርግጥ ከሩብ በላይ ነው። ነገር ግን ልዩነቱ 4 በመቶ፣ የልዩነቱ መደበኛ ስሕተት ደግሞ 3.75 በመቶ ነው። አንባቢያን ይህን በራሳቸው አስልተው ያረጋግጡ፤ ቀጥሎም ይኸው የ4 በመቶ ልዩነት የስሕተቱ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ስንት ተማሪ ማየት እንደነበረበት ይፈልጉ። ለእያንዳንዱ ፖስተር ከ700 ጥቂት ከፍ የሚል ቁጥር ያገኘ ሰው በትክክል ሠርቷል።